የልጆች የሆድ ቀዶ ሕክምና ቁስል እንዳያመረቅዝ

የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ ከኦፕሬሽን ክፍል በሰላም ሲወጣ ወላጅ እፎይ ይላል፤ ዘመድ አዝማድም «እንኳን እግዜር ማረው» እያለ ይጎርፋል። ደስታው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ የተሰፋው ቦታ ቀልቶ፣ አብጦና መግል ቋጥሮ ልጁ እንደገና ወደ ሆስፒታል የሚመለስበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ችግሩ የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን ይባላል፤ በአማርኛችን ደግሞ ቁስሉ «አመረቀዘ» እንላለን። በዚህ ጽሑፍ ችግሩ ለምን እንደሚከሰት፣ ሐኪሞችና ነርሶች ምን ማድረግ እንዳለባቸው፣ የወላጅስ ድርሻ የቱ ላይ እንደሆነ ለማብራራት እሞክራለሁ።

ዋናውን ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር። ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚደረገው ጥንቃቄ አብዛኛው የሚከናወነው ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት ሰዓታትና በኦፕሬሽኑ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ለሳምንት የሚታዘዝ መድኃኒት ያኔ የተዘለለውን ጥንቃቄ አይተካም። ብዙዎቻችን ግን የምናስበው በተቃራኒው ነው።

የችግሩ ስፋት

የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን የሚባለው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ በተቀደደው ቦታ ላይ የሚከሰት ኢንፌክሽን ነው። በጥልቀቱ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በቆዳና ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ላይ የሚወሰን ነው። ሁለተኛው ወደ ጡንቻና ጡንቻውን ወደሚሸፍነው ጠንካራ ስስ አካል ይዘልቃል። ሦስተኛውና አስጊው ሆድ ዕቃ ውስጥ መግል የሚቋጥረው ነው።

ግሎባልሰርጅ የተሰኘው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ኅብረት በ51 አገሮች በሚገኙ 181 ሆስፒታሎች የሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 1,159 ሕፃናት ተከታትሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትሟል። በሰው ልጅ ልማት መለኪያ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ባሉ አገሮች ቁስላቸው ያመረቀዘባቸው ሕፃናት 6.3 በመቶ ነበሩ። በመካከለኞቹ 12.8 በመቶ፣ በዝቅተኞቹ ደግሞ 24.7 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። በዝቅተኛዎቹ አገሮች ሆዳቸው ከተቀደደ አራት ሕፃናት የአንዱ ቁስል ያመረቅዛል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር በቤተሰብ ላይ የሚያስከትለው ኪሳራ ቀላል አይደለም። ልጁ ተጨማሪ ቀናት ይተኛል፤ ቁስሉ በየቀኑ ሲታጠብ ይሠቃያል፤ አንዳንዴም ዳግመኛ ኦፕሬሽን ይገባል። ከክፍለ ሀገር የመጣች እናት ደግሞ ሌሎች ልጆቿን ጎረቤት ላይ ጥላ፣ ለመድኃኒትና ለማረፊያ እየከፈለች ትሰነብታለች። የሆድ ግድግዳው በደንብ ሳይያያዝ ቀርቶ ከወራት በኋላ ቦታው የሚያብጥበት፣ ማለትም ሄርኒያ የሚፈጠርበት ልጅም አለ።

ለምን ያመረቅዛል?

አንጀታችን በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ባክቴሪያዎቹ አንጀት ውስጥ እስካሉ ድረስ አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም፤ ወደ ተቀደደ ሥጋ ሲገቡ ግን ይራባሉ። ስለዚህ ሐኪሞች ቁስልን በንጽሕናው በአራት ይመድቡታል። አንጀት የማይነካበት ቀዶ ሕክምና፣ ለምሳሌ ያልታነቀ የብሽሽት ሄርኒያ ጥገና፣ «ንጹሕ» ይባላል። አንጀት በዝግጅትና በጥንቃቄ ሲከፈት «ንጹሕ ሆኖ የመበከል ዕድል ያለው» ነው። የአንጀት ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃ ሲፈስ «የተበከለ» ይባላል። ቀድሞውኑ መግል ወይም ሰገራ ሆድ ውስጥ ፈስሶ ከተገኘ ደግሞ «የቆሸሸ» ነው። ከመጀመሪያው ወደ አራተኛው በተጠጋን መጠን የማመርቀዝ ዕድሉ ይጨምራል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የፈነዳ ትርፍ አንጀት የያዘው ልጅ ኦፕሬሽን ክፍል የሚገባው በአራተኛው ምድብ ውስጥ ሆኖ ነው። ትርፍ አንጀቱ ሳይፈነዳ በሰዓቱ የደረሰው ልጅ ግን በእጅጉ የተሻለ ዕድል አለው። ስለዚህ ከመከላከያ መንገዶች ሁሉ የመጀመሪያው ልጁን ቶሎ ወደ ሕክምና ማምጣት ነው። ትልልቅ ልጆች ላይ ሕመሙ እንብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ታች ቀኝ ጎን ይወርዳል፤ ልጁ ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሰዋል፣ ጎንበስ ብሎ ይራመዳል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ግን ሕመሙን በቃል መግለጽ ስለማይችሉ ምልክቱ ከተቅማጥ ወይም ከተራ ቁርጠት ጋር ይምታታል፤ ብዙዎቹም በሽታው የሚታወቅላቸው ትርፍ አንጀቱ ከፈነዳ በኋላ ነው። ለሰዓታት የማይለቅ፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ያለበትን ልጅ በዳማከሴ ወይም በነጭ ሽንኩርት ማስታገስ ጊዜ ያባክናል። ሆዱን ማሸትም ለአደጋ ያጋልጠዋል።

ከኦፕሬሽኑ በፊት

ቀጠሮ ተይዞለት ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና የመዘጋጃ ጊዜ አለ። ለምሳሌ ሆዱ ላይ ጊዜያዊ የሰገራ መውጫ የተሠራለት ልጅ መውጫውን ለማዘጋት ሲጠባበቅ፣ ያ ጊዜ ክብደቱ የሚስተካከልበትና የደም ማነሱ የሚታከምበት ሊሆን ይገባል። የተጎሳቆለ ሰውነት ቁስልን ለማዳንም ሆነ ባክቴሪያን ለመቋቋም አቅም ያጥረዋል። ቆዳው ላይ እከክ ወይም መግል የያዘ ቁስል ካለም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ እስኪድን ድረስ ቀጠሮው ሊተላለፍ ይችላል።

ልጁ ከኦፕሬሽኑ በፊት በነበረው ምሽት ወይም በዚያው ዕለት ጠዋት ገላውን ይታጠብ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣውና በ2018 ባሻሻለው መመሪያ ተራ ሳሙና እንደሚበቃ ገልጿል። እንብርቱ በደንብ ይጽዳ፤ ጥፍሩ ይቆረጥ፤ ንጹሕ ልብስ ይልበስ። ፀጉርን በምላጭ መላጨት ግን ፈጽሞ አይመከርም። ምላጭ ዓይን የማያያቸው ጭረቶች ቆዳ ላይ ስለሚተው ባክቴሪያ በዚያ ይራባል። የልጆች ሆድ አብዛኛውን ጊዜ መላጨት የሚያስፈልገው አይደለም፤ የግድ ከሆነም ፀጉሩ በመቁረጫ ማሽን ያጥራል እንጂ አይላጭም።

አንቲባዮቲኩ መቼ ይሰጥ?

በሙያዬ ከወላጆች አዘውትሬ የምሰማው ጥያቄ «ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ጠንከር ያለ መድኃኒት ለምን አይታዘዝለትም?» የሚል ነው። ጥያቄው ከልጅ ፍቅር የመጣ ነው፤ መልሱም ግልጽ ሊሆን ይገባል።

ለመከላከያ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሥራውን የሚሠራው ምላጩ ቆዳውን በሚነካበት ቅጽበት በደሙና በሥጋው ውስጥ በበቂ መጠን ካለ ነው። ባክቴሪያው የሚገባው ያኔ ነውና መድኃኒቱም ቀድሞ መድረስ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መድኃኒቱ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል። ድርጅቱ ያዘጋጀው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ደግሞ «ባለፉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ ተሰጥቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በዓለም ዙሪያ በሰፊው ከሚታዘዙት አንዱ የሆነው ሴፋዞሊን በ60 ደቂቃ ውስጥ የሚሰጥ ሲሆን፣ የተለመደው የልጆች መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊ ግራም ነው። ትልቁ አንጀት ወይም ትርፍ አንጀት የሚነካ ከሆነ ኦክስጅን በሌለበት የሚራቡትን ባክቴሪያዎች የሚያጠቃ ሌላ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ሜትሮኒዳዞል፣ ይጨመራል። ኦፕሬሽኑ ከ4 ሰዓት በላይ ከዘለቀ ሴፋዞሊኑ ይደገማል። መጠኑ በክብደት ስለሚሰላ ልጁ በትክክል መመዘኑ ራሱ የጥንቃቄው አካል ነው።

ቁስሉ ከተሰፋ በኋላስ? የዓለም ጤና ድርጅት ለመከላከያ የተጀመረው አንቲባዮቲክ ኦፕሬሽኑ ካለቀ በኋላ እንዳይቀጥል አጥብቆ ይመክራል። መቀጠሉ ጥቅም እንደሌለው ታይቷል፤ ተቅማጥ፣ ወጪና መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያን ግን ያመጣል። ይኸው ግሎባልሰርጅ አዋቂዎችንም ሕፃናትንም አካቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ሌላ ጥናት፣ ቁስላቸው አመርቅዞ የላቦራቶሪ ውጤት ከተገኘላቸው ሕሙማን 21.6 በመቶ የሚሆኑት የያዛቸው ባክቴሪያ ለመከላከያ የተሰጣቸውን መድኃኒት የተላመደ ነበር። በዝቅተኛ ልማት አገሮች ይህ ድርሻ 35.9 በመቶ ደርሷል። ዛሬ ያለ አግባብ የምንሰጠው መድኃኒት ነገ ያው ልጅ በእርግጥ ሲታመም ላይሠራለት ይችላል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ጉዳይ አለ። ትርፍ አንጀቱ የፈነዳበት ወይም አንጀቱ በታይፎይድ የተበሳበት ልጅ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ለቀናት አንቲባዮቲክ ይወስዳል። ይህ መከላከያ አይደለም፤ ቀድሞ ለነበረው ኢንፌክሽን የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ ሐኪሙ ሳያዝ ማቋረጥም ልክ አይደለም። እዚህም ቢሆን ረዘም ማለቱ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይቻልም። በኔዘርላንድስ ዕድሜያቸው 8 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የተወሳሰበ የትርፍ አንጀት ሕመምተኞችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት የ2 ቀን ሕክምና ከ5 ቀኑ እንደማያንስ አሳይቷል። በዚያ የነበሩት ኦፕሬሽኖች በአብዛኛው በካሜራ በትንሽ ቀዳዳ የተሠሩ ስለሆኑ ውጤቱን እንዳለ ወደየሆስፒታሉ መገልበጥ አይቻልም። ሆኖም ስንት ቀን መውሰድ እንዳለበት ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ መሆኑን ያስታውሰናል።

በኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ

ወላጅ በማይገባበት በዚህ ክፍል የሚደረጉ ጥቂት ነገሮች ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ።

አንደኛው ሙቀት ነው። ልጆች፣ በተለይ ጨቅላዎች፣ ከክብደታቸው አንፃር የቆዳቸው ስፋት ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛሉ። ሰውነት ሲቀዘቅዝ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ወደ ቁስሉ የሚደርሰው ደምና ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ባክቴሪያን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳትም ይዳከማሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ፣ የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 200 አዋቂዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ሰውነታቸው ከቀዘቀዘው መካከል 19 በመቶ፣ ሙቀታቸው ከተጠበቀላቸው መካከል ግን 6 በመቶ ብቻ ቁስላቸው እንዳመረቀዘ አሳይቷል። ክፍሉን ማሞቅ፣ ልጁን በብርድ ልብስ መሸፈን፣ የሚሰጠውን ፈሳሽ ማሞቅና ሙቀቱን መለካት ውድ መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም።

ሁለተኛው የቆዳ ማጽጃው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አልኮል ያለበትን ክሎርሄክሲዲን ይመክራል። ይሁንና አዋቂዎችንና ሕፃናትን አካቶ ሰባት ታዳጊ አገሮች ውስጥ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ፋልኮን የተሰኘ ጥናት፣ በርካሽ ከሚገኘው አዮዲን ጋር ሲነጻጸር ጉልህ ልዩነት አላገኘም። አልኮልና ክሎርሄክሲዲን ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎችን ስስ ቆዳ ሊያቃጥሉ ስለሚችሉ ለእነርሱ ምርጫው በጥንቃቄ ይደረጋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ውዱ ፈሳሽ የለም ተብሎ ተስፋ የሚቆረጥበት ምክንያት የለም፤ ያለውን በአግባቡ ቀብቶ እስኪደርቅ መጠበቅ ይጠቅማል።

ሦስተኛው የጓንትና የመሣሪያ ለውጥ ነው። አንጀት የነካ ጓንት ቆዳን መስፋት የለበትም። ቺታ የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት፣ በቤኒን፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በናይጄሪያ፣ በሩዋንዳና በደቡብ አፍሪካ ከ13 ሺሕ በላይ አዋቂዎችንና ሕፃናትን አሳትፏል። ሆዱ ከመዘጋቱ በፊት ጓንትና መሣሪያ የተቀየረላቸው 16.0 በመቶ፣ በተለመደው አሠራር የቀጠሉት ደግሞ 18.9 በመቶ ቁስላቸው አመርቅዟል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም አንድ ጥንድ ጓንትና አንድ ንጹሕ የመሣሪያ ስብስብ ብቻ ለሚያስከፍል ነገር ብዙ ነው።

አራተኛው ዝርዝሩን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የማረጋገጫ ዝርዝር በስምንት ከተሞች በአዋቂዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ፣ የቁስል ኢንፌክሽን ከ6.2 ወደ 3.4 በመቶ መውረዱ ታይቷል።

በአገራችንም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የቀዶ ሕክምናን ጥራትና ተደራሽነት የሚያሻሽል ብሔራዊ ፕሮግራም አስጀምሯል። ላይፍቦክስ የተሰኘው ግብረ ሠናይ ድርጅት በበኩሉ ክሊን ከት በተባለው ፕሮግራም ከአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጋር ሠርቷል። የተተኮረባቸው ስድስት ነገሮች ናቸው፤ የእጅና የቆዳ ጽዳት፣ ቀዳዳ የሌለው ጋውንና መሸፈኛ ጨርቅ፣ መሣሪያው በእርግጥ መቀቀሉን በጠቋሚ ወረቀት ማረጋገጥ፣ አንቲባዮቲክን በሰዓቱ መስጠት፣ ጎዝ መቁጠርና የማረጋገጫ ዝርዝሩን መጠቀም። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት የኢንፌክሽን አደጋው በ35 በመቶ ቀንሷል። አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ መድኃኒት አላስፈለገም፤ የሚታወቀውን ነገር በየቀኑ፣ ለሁሉም ታካሚ፣ ሳያቋርጡ ማድረግ ነው ያስፈለገው።

አልጋ ላይና ቤት

ታማሚ መጠየቅ የምንኮራበት ባህላችን ነው። ይሁንና አሥር ሰው አልጋው ላይ ተቀምጦ የልጁን ሆድ ገልጦ «እስቲ እንየው» ሲል ቁስሉ ይጎዳል። ጠያቂ ይቀነስ፤ ማንም አልጋ ላይ አይቀመጥ፤ አስታማሚው፣ ነርሱና ሐኪሙ ሳይቀሩ ልጁን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ ወይም በአልኮል ያሹ። ወላጅ «ይቅርታ፣ እጅዎን ታጥበዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት አይደለም።

ደረቅና ንጹሕ የሆነ የቁስል መሸፈኛ በተለየ ምክንያት ካልሆነ ለመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ባይነካ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ከፈቀደ ልጁ በሚፈስ ውኃ ፈጠን ብሎ ይታጠባል፤ ቦታው ሳይታሽ በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ ተደርጎ ይደርቃል። ሳፋ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ዋና መግባትና ጠበል መጠመቅ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ይቆዩ። ክሩ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ባለው ቀን ይወጣልና ቀጠሮው አይታለፍ። የሰገራ መውጫ ያለው ልጅ ደግሞ ፈሳሹ ወደተሰፋው ቦታ እንዳይደርስ ከረጢቱ ሳይሞላና ሳያፈስ ይቀየርለት።

ቁስሉ ላይ ቅቤ፣ አመድ ወይም ቅጠል አይደረግ። የእንክብል አንቲባዮቲክን ከፍቶ ዱቄቱን መነስነስም በየቤቱ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዱቄቱ ቆዳን ያስቆጣል፣ ቁስሉን በቅርፊት ይሸፍናል፣ ባክቴሪያውንም መድኃኒት ያላምዳል። ልጁ እንዲበላ ከተፈቀደለት እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽሮና አትክልት ቁስሉን ለማዳን ይረዱታል፤ የሚጠባ ሕፃን ደግሞ ጡት አይከልከል።

ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ የቀጠሮ ቀን ሳይጠበቅ ልጁ ወደታከመበት ሆስፒታል ይወሰድ።

- በቁስሉ ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ሙቀትና እብጠት
- እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ የሚጨምር ሕመም
- መግል ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ
- 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት
- የሆድ መነፋት፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ወይም ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ የነበረ ልጅ ላይ ትኩሳት የተቀላቀለበት ተቅማጥ
- ልጁ መጫወትና መብላት ማቆሙ፣ መፍዘዙ

ከቁስሉ በድንገት ብዙ ሮዝማ ውኃ ከፈሰሰ ወይም የተሰፋው ከተከፈተ ድንገተኛ አደጋ ነው። ቦታውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ምንም ሳያበሉ፣ ወዲያው መሄድ ያስፈልጋል። መግል ለቋጠረ ቁስል ዋናው ሕክምና ክሩን ከፍቶ መግሉን ማስወጣት ነው፤ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ቤት መቆየት ጊዜውን ከማባከን በቀር አይጠቅምም።

ወላጅ የሚጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች

1. ልጄ በትክክል ተመዝኗል? ክብደቱስ ስንት ነው?
2. መከላከያ አንቲባዮቲኩ ከመቀደዱ በፊት ይሰጠዋል? ማንስ ይሰጠዋል?
3. ኦፕሬሽን ላይ እንዳይበርደው ምን ይደረጋል?
4. ከኦፕሬሽኑ በኋላ አንቲባዮቲክ ከታዘዘ ለምንድን ነው? ለስንት ቀን?
5. ቤት ከገባን በኋላ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ወዴትና ለማን እንደውላለን?

ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይከፋም፤ እንዲያውም ሥራውን ያቀሉለታል። ከአምስቱ ውስጥ አንዱን ብቻ የማንሳት ዕድል ያለው ወላጅ ሁለተኛውን ይጠይቅ። «ከኦፕሬሽኑ በኋላ ምን መድኃኒት ይታዘዝለት?» ከሚለው የተለመደ ጥያቄ ይልቅ «ከመቀደዱ በፊት ተሰጥቶታል?» የሚለው ልጁን የበለጠ ይጠብቀዋል። ልጆቻችንን ጤና ያድርግልን።